ቻርጁ የት ሄደ?
የኤሌክትሮስታቲክስ መግቢያ ትምህርት በጅቡቲ ከተማ

የፊዚክስ መምህር ሁሉ የኤሌክትሪክን ምዕራፍ የሚከፍትበት አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ላይ ይታሻል፤ ከዚያም ወደ ተቆራረጠ ወረቀት ይጠጋል፤ ቁርጥራጮቹም ብድግ ብድግ እያሉ ይጣበቁበታል። ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ የተማሪውንም ዓይን ይስባል። ስለዚህም ብዙዎቻችን በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የተማርነውን ይህንኑ ሙከራ ይዘን በየተመደብንበት እንዞራለን።

እኛም በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ፊዚክስ ስናስተምር፣ በጥር ወር አንድ ቀን ጠዋት ማበጠሪያችንን ይዘን ወደ ክፍል ገባን። አሸን፤ አስጠጋን፤ ወረቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ደግመን አሸን፤ አሁንም የለም። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ መሣቅ ሲጀምሩ፣ «የባሕር ዳርቻ ስለ ሆነ አየሩ እርጥብ ነው፤ ቻርጁ ፈሰሰ» ብለን ነገሩን በአጭሩ ዘጋንና ወደ ሰሌዳው ዞርን። የኩሎምን ሕግ ጽፈን ስናበቃ ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ናቸው። «መምህር፣ የዚህ አገር አየር ቻርጁን የሚያፈሰው ከሆነ፣ አባቴ ዶራሌ ነዳጅ ሲቀዱ መኪናው ላይ የመሬት ሽቦ የሚታሰረው ለምንድን ነው? እርጥበቱ አይበቃም?» ሲል ጠየቀ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ለልጁ የሰጠነው መልስ የተሟላ አልነበረም። ጥያቄው ግን የመግቢያውን ምዕራፍ በሙሉ፣ ማለትም ቻርጅን፣ ኃይልንና መስክን፣ በአንድ ክር የሚያያይዝ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን መነሻ አድርገን ምዕራፉን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ለሥራ ባልደረቦቻችን ለማካፈል እንሞክራለን።

1. ቻርጅ አይፈጠርም፤ ይለያያል

አምበር የተባለው የደረቀ የዛፍ ሙጫ ሲታሽ ገለባና ላባ እንደሚስብ የጥንት ግሪኮች ያውቁ ነበር። በቋንቋቸው አምበርን «ኤሌክትሮን» ይሉት ስለ ነበር ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አምበር ብቻ ሳይሆን መስታወት፣ ድኝና ሌሎችም ብዙ ነገሮች ሲታሹ ይህንኑ ጠባይ እንደሚያሳዩ ገለጸ።

በዛሬው ዕውቀታችን ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ቁስ ከአቶሞች የተሠራ ነው። በአቶም አስኳል ውስጥ አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖች፣ በዙሪያው ደግሞ አሉታዊ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። የሁለቱ መጠን እኩል ሲሆን አቶሙ ገለልተኛ ይባላል። ሁለት የተለያዩ ቁሶች ሲነካኩና ሲለያዩ ግን ከአንደኛው ጥቂት ኤሌክትሮኖች ወደ ሌላው ያልፋሉ። የተቀበለው አሉታዊ፣ የሰጠው አዎንታዊ ይሆናል። ማበጠሪያውና ፀጉሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ማሸቱ የጠቀመው ብዙ ቦታ እንዲነካካ በማድረጉ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። «ሰበቃ ቻርጅ ይፈጥራል» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም እኛው ራሳችን በችኮላ እንደዚያ ብለን እናስተምራቸዋለን። ሰበቃ ምንም ቻርጅ አይፈጥርም። ቀድሞ የነበረውን ይለያያል እንጂ። ማበጠሪያው ያገኘው አሉታዊ ቻርጅ ፀጉሩ ላይ ከቀረው አዎንታዊ ቻርጅ ጋር ፍጹም እኩል ነው። ይህ የቻርጅ አለመጥፋት ሕግ ነው። ተማሪው ይህን ከያዘ «ቻርጁ ጠፋ» ማለት አይችልም፤ «የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የምዕራፉ ቁልፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሁለቱን የቻርጅ ዓይነቶች ለማሳየት በባሕር ዳር አገር ከማበጠሪያ ይልቅ ግልጽ ፕላስተር የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ጣት የሚያህሉ ርዝመቶችን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ መለጠፍና በፍጥነት መላጥ ነው። ከአንድ ጠረጴዛ የተላጡ ሁለት ቁራጮች ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። ሁለት ቁራጮችን ደርቦ ለጥፎ በጣት አሻሽቶ ካስተካከሉ በኋላ እርስ በርስ ቢላቀቁ ግን ይሳሳባሉ። ተማሪው በዓይኑ እያየ፣ ተመሳሳይ ቻርጆች እንደሚገፋፉ፣ ተቃራኒዎቹ እንደሚሳሳቡ ይረዳል። ፕላስተሩ በተላጠ ቅጽበት ስለሚታይ እርጥበቱ ለመበዝበዝ በቂ ጊዜ አያገኝም።

2. የሚያስተላልፍና የማያስተላልፍ

እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1729 ቻርጅ በአንዳንድ ቁሶች እንደሚተላለፍ፣ በሌሎቹ ደግሞ እንደማይተላለፍ በሙከራ አረጋገጠ። ብረታ ብረት፣ የሰው አካልና መሬት አስተላላፊዎች ናቸው። ፕላስቲክ፣ ሐር፣ ጎማና ደረቅ አየር ግን አያስተላልፉም። ማበጠሪያው ቻርጁን የሚይዘው በእጃችን ስለ ጨበጥነው ሳይሆን ራሱ የማያስተላልፍ በመሆኑ ነው። የብረት ማንኪያ በእጅ ይዘን ብናሽ በማንኪያውም ላይ ቻርጅ ይለያያል፤ ነገር ግን ወዲያው በእጃችን በኩል ወደ መሬት ይሄዳል።

ታዲያ በጅቡቲ ማበጠሪያችን ለምን አሳፈረን? ከተማዋ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ በሦስት ጎን በባሕር ተከብባ የተሠራች ናት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት አየሯ በእርጥበት የተሞላ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ቻርጁን የሚወስደው በቀጥታ አየሩ አይደለም። ይልቁንም ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት በማበጠሪያው ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ያበጃል። የባሕር ጨውና የእጅ ላብ ሲጨመርበት ይህ ሽፋን ጥሩ አስተላላፊ ይሆናል። ስለዚህ ቻርጁ ገና በመለያየት ላይ ሳለ በሽፋኑ ተንሸራቶ ወደ እጃችን፣ በእጃችንም ወደ መሬት ይገባል። ጊልበርትም እርጥብ አየርና የሰው ትንፋሽ ስበቱን እንደሚያዳክሙ ከ400 ዓመት በፊት አስተውሎ ጽፎታል።

በደጋው ያገራችን ክፍል በበጋ ሌሊት የሱፍ ሹራብ ሲያወልቁ የሚሰማው መንጣጣት፣ በጨለማም የሚታየው ብልጭታ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ጅቡቲም ብትሆን ሁልጊዜ እርጥብ አይደለችም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ከምዕራብ ሲነፍስ አየሩ ይደርቃል። ዳሩ ግን ይህ ወቅት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚዘጉበት ነው። ለሙከራው የሚመቸው ነፋስ ሲመጣ ተማሪው የለም፤ ተማሪው ሲመጣ ነፋሱ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማበጠሪያውን በሳሙና አጥቦ ጨውንና ቅባትን ማስወገድ፣ ከዚያም ከሱፍ ጨርቅ ጋር ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጎ ማሞቅና ማድረቅ፣ በላብ በራሰ ፀጉር ፈንታም በሱፉ ማሸት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያልሠራውን ሙከራ ራሱን ትምህርት ማድረግ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ማበጠሪያዎች ይቅረቡ፤ አንደኛው ሞቆ የደረቀ፣ ሁለተኛው የተተነፈሰበት ይሁን። ሁለቱም እኩል ይታሹ። አንዱ ወረቀት ሲያነሳ ሌላው እንቢ ሲል፣ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው ያገኙታል። መጀመሪያ ቀን የዘለልነው ትምህርት ይህ ነበር።

3. ኃይሉ ምን ያህል ነው?

ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስታን ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 በቀጭን ክር የተንጠለጠለ የሚጠማዘዝ ሚዛን ሠርቶ በቻርጆች መካከል ያለውን ኃይል ለካ። ያገኘው ሕግ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ በሁለት ነጥብ መሰል ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል የሁለቱ ቻርጆች ብዜት ሲጨምር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ርቀታቸው ሲጨምር ደግሞ በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል፤ ርቀቱ ግማሽ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ቻርጅን በኩሎም፣ ርቀትን በሜትር፣ ኃይልን በኒውተን ስንለካ የሕጉ ቋሚ ቁጥር በአየር ውስጥ 9 ቢሊዮን ያህል ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚገኝ አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ሁለት ትናንሽ ኳሶች እያንዳንዳቸው 1 ማይክሮኩሎም፣ ማለትም የኩሎም አንድ ሚሊዮንኛ፣ ይዘው በ10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል። ስሌቱ 0.9 ኒውተን ይሰጣል። ይህም 90 ግራም ገደማ የሚሆን ዕቃ እጃችን ላይ ሲቀመጥ የሚጫነንን ያህል ነው። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ እጅግ ትንሽ በመሆኑ 1 ማይክሮኩሎም ለመሙላት 6.25 ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። ተማሪዎች ይህን ስሌት በቀላሉ ይሠሩታል። በእውን ሊሆን መቻሉን ግን የሚጠይቅ የለም፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይተን እንመለሳለን።

ሌላው የሚረሳ ጥያቄ ደግሞ «ወረቀቱ ገለልተኛ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይሳባል?» የሚለው ነው። አሉታዊው ማበጠሪያ ሲጠጋ በወረቀቱ ሞለኪውሎች ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋሉ። በዚህም ምክንያት ለማበጠሪያው ቅርብ የሆነው የወረቀቱ ገጽ አዎንታዊ፣ ሩቅ የሆነው አሉታዊ ይሆናል። የቅርቡ ይሳባል፤ የሩቁ ይገፋል። ነገር ግን በኩሎም ሕግ መሠረት ቅርብ ያለው ኃይል ስለሚበልጥ ውጤቱ መሳብ ነው። ስለዚህ ያች የወረቀት ቁራጭ ብድግ ስትል የርቀትን ሕግ በዓይናችን እያየን ነው።

4. መስክ ማለት ምን ማለት ነው?

ማበጠሪያው ወረቀቱን ሳይነካ እንዴት ይስበዋል? ይህን ለማስረዳት ማይክል ፋራዴይ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ቻርጅ በዙሪያው ያለውን ሥፍራ ጠባይ ይለውጣል የሚለውን አስተሳሰብ አመጣ። ይህ የተለወጠ ሥፍራ ኤሌክትሪካዊ መስክ ይባላል። የመስኩ ብርታት በአንድ ነጥብ ላይ ቢቀመጥ አንድ ኩሎም አዎንታዊ ቻርጅ የሚያርፍበት ኃይል ነው። አቅጣጫውም የዚያው ኃይል አቅጣጫ ነው። መስኩን በመስመሮች ስንሥል መስመሮቹ ከአዎንታዊ ቻርጅ ወጥተው ወደ አሉታዊ ይገባሉ። ተጠጋግተው በተደራረቡበት መስኩ ብርቱ ነው፤ በተራራቁበት ደካማ ነው። በሾለ ብረት ጫፍ ላይ እጅግ ይጠጋጋሉ።

መስክ በወረቀት ላይ የሚሣል መስመር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ቁጥር በቂ ነው። ደረቅ አየር የማያስተላልፈው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው። መስኩ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ አየሩ ይሰበርና አስተላላፊ ይሆናል፤ ብልጭታም ይዘላል። መብረቅም ሆነ የሹራቡ መንጣጣት ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ኳሶቹ እንመለስ። የኳሱ ሬዲየስ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 1 ማይክሮኩሎም ሲይዝ በገጹ ላይ ያለው መስክ በሜትር 90 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ይህ አየሩ ከሚችለው 30 እጥፍ ነው። ስለዚህ ያ ትንሽ ኳስ በአየር ውስጥ 1 ማይክሮኩሎም ሊይዝ አይችልም፤ ገና የዚያን አንድ ሠላሳኛ ያህል እንደ ያዘ ቻርጁን በብልጭታ ይለቃል። የመጽሐፉ ጥያቄ ለስሌት ልምምድ ይጠቅማል እንጂ በጠረጴዛችን ላይ የሚሆን ነገር አይደለም። ተማሪው ይህን ሲደርስበት በኩሎም ሕግና በመስክ መካከል ያለው ግንኙነት ግልጽ ይሆንለታል።

5. የቦቴው የመሬት ሽቦ

ከዚህ በኋላ የልጁን ጥያቄ ለመመለስ ዝግጁ ነን። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ነዳጅ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። ከከተማዋ በስተምዕራብ በዶራሌ ካለው ማከማቻ እየተቀዳ በቦቴ ወደ አገር ይጓጓዛል። የክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት አላቸው።

ቤንዚንና ናፍጣ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፉም። በቧንቧና በተለይም በማጣሪያ ውስጥ ሲያልፉ ልክ እንደ ማበጠሪያውና እንደ ፀጉሩ ቻርጅ ይለያያል። አንደኛው ዓይነት ከፈሳሹ ጋር ወደ ታንከሩ ይገባል፤ ተቃራኒው በቧንቧው ላይ ይቀራል። ታንከሩ ብረት ቢሆንም መኪናው በጎማ ላይ የቆመ ነው፤ ጎማ ደግሞ አያስተላልፍም። ስለሆነም በመቅጃው ክንድና በታንከሩ አፍ መካከል ብርቱ መስክ ሊፈጠር፣ ብልጭታም ሊዘል ይችላል። በዚያ ሥፍራ ያለው ደግሞ የነዳጅ ትነት ነው። ከአየር ጋር በተስማሚ መጠን የተቀላቀለ የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል 0.2 ሚሊጁል ያህል ኢነርጂ ይበቃዋል። የመሬት ሽቦው መኪናውን፣ መቅጃውንና መሬቱን አንድ ላይ በማያያዝ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ያደርጋል። ለዚህም ነው ሽቦው ቀዳዳው ከመከፈቱ በፊት የሚታሰረው፤ የሚፈታውም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከመኪናው ሥር የሚጎተት ሰንሰለት በደረቅ አስፋልት ላይ የሚታመን መንገድ ስላልሆነ ይህን ሽቦ አይተካም።

እርጥበቱ ለምን አይበቃም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማበጠሪያው ቻርጁን የያዘው በውጭ ገጹ ላይ ስለ ሆነ የውሃው ሽፋን ያገኘዋል። የነዳጁ ቻርጅ ግን በፈሳሹ ውስጥ ነው፤ የጅቡቲ አየር የፈለገውን ያህል ቢረጥብ እዚያ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ማበጠሪያው ጥቂት ጊዜ ታሽቶ ይቆማል። ነዳጁ ግን ለብዙ ደቂቃዎች ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ቻርጁም ያለ ማቋረጥ ይተካል። በእርጥበቱ በኩል የሚሾልከው ከሚገባው ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥልን የለም። ካምሲን ሲነፍስማ ያ ትንሹ መሹለኪያም ይዘጋል።

የመሬት ሽቦውም ቢሆን ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አያቃልልም። ከታንከሩ ብረት ላይ ያለውን ቻርጅ ወዲያው ይወስዳል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ግን ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የነዳጅ ሙያ ደንቦች ጥንቃቄዎችን ይጨምራሉ። የመቅጃው አፍ በፈሳሹ እስኪሸፈን ድረስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ነዳጁ ከላይ እየተረጨ እንዳይወርድ፣ ተቀድቶ እንዳለቀም መለኪያ ዘንግ ወዲያው እንዳይገባ ያዝዛሉ። ቤንዚን ጭኖ የነበረ ታንከር ሳይጸዳ ናፍጣ ሲቀዳበትም አደጋው የታወቀ ነው። ናፍጣው ቻርጁን ይዞ ይገባል፤ የቀረው የቤንዚን ትነት ደግሞ ለመቀጣጠል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የሰው አካልም አስተላላፊ ስለ ሆነ በደረቅ ጫማ ላይ ሲቆም ቻርጅ ያከማቻል። 100 ፒኮፋራድ የሚይዝ አካል 3,000 ቮልት ሲደርስ 0.45 ሚሊጁል ያከማቻል። ይህ እጅን እንደ መርፌ ጠቅ የምታደርገው፣ ከቁም ነገር የማንቆጥራት ብልጭታ ናት፤ ሆኖም ቤንዚንን ከሚያቀጣጥለው እጥፍ በላይ ነው። 10,000 ቮልት ቢደርስ 5 ሚሊጁል፣ ማለትም 25 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመኪና ወርዶ የመቅጃውን አፍ ከመንካት በፊት ራቅ ያለ ብረት መንካት ይገባል። ፕላስቲክ ጀሪካንም መኪና ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ አውርዶ መቅዳት ያስፈልጋል።

6. ማጠቃለያ

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሞቆ የደረቀውን ማበጠሪያ ይዘን ገባን። ወረቀቱ ተነሣ። ከዚያም ለልጁ ያልተሟላ መልስ እንደ ሰጠነው በተማሪዎቹ ፊት ተናገርንና ጥያቄውን ለክፍሉ መልሰን አቀረብነው። ከላይ የዘረዘርናቸውን ሁለት ምክንያቶች በውይይት ደረሱባቸው። ልጁም ማበጠሪያውንና ቦቴውን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ሥሎ ቻርጁ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ በቀስት አሳየ።

ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሙከራ እንቢ ሲል ሰበብ ሰጥቶ ከማለፍ ይልቅ ምክንያቱን ከተማሪዎች ጋር መፈለግ ይገባል። «አየሩ እርጥብ ነው» የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም፣ ሳይብራራ ከቀረ ተማሪውን ወደ አደገኛ መደምደሚያ ሊመራው ይችላል። ሁለተኛ፣ የኩሎም ሕግ ስሌት ብቻውን በፈተና እንዳይወጣ፣ «ቻርጁ ከየት መጣ? በየት በኩል ይሄዳል? መንገድ ቢያጣስ ምን ይሆናል?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረውት ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ ምሳሌዎቻችንን ተማሪው ከሚኖርበት ሥፍራ እንምረጥ። በደጋ የሱፍ ሹራብና መብረቅ፣ በጅቡቲ ደግሞ የዶራሌ ቦቴ አሉልን።

ከትምህርቱ በኋላ ለተማሪዎቻችን የሰጠነው የቤት ሥራ ስሌት አልነበረም። ጀሪካን መኪና ላይ እንዳለ ለምን እንደማይቀዳ ለቤተሰባቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዱ ነበር ያዘዝናቸው። ያን ማስረዳት የቻለ ተማሪ ኤሌክትሮስታቲክስን ተምሯል ማለት ይቻላል።